ወደ ሰማይ የዘነበ በረዶ

«ማይለት እንጂ እቴ፣ ማይለት!» አለ ሚስባህ።

«ወላሂ፣ ክዳኑን በረዶው ከመታው ወዲህ የሰው እጅ አልነካውም» አለች ከሪማ፤ የኢንሹራንሱ ገማችም ራሱን ነቅንቆ መሰላሉን መውጣት ጀመረ።

ከሪማ ስትምል ሰምቶ የሚያውቅ የሆጤ ሰፈር ሰው የለም። በርበሬ ስትሸጥ እንኳ «ወላሂ ከገዛሁበት በታች ነው» ብላ አታውቅም፤ የአላህን ስም በዋዛ ከማንሳት ብትከስር ትመርጣለች። በሰፈሩ ዕድር፣ በቅሬው፣ ሰው ከሰው ሲጣላ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከሪማስ ምን አለች?» ነው። የቅሬው ዳኛ ጋሽ በላቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ግቢዋ ውስጥ የቆሙትም ለዚሁ ነው። ገማቹን «ለዚች ሴት ቃል እኔ ዋስ ነኝ፤ ቅሬውም ዋስ ነው» ብለውታል።

ቤቱን አስይዛ ከባንክ ስትበደር ኢንሹራንስ ግቢ አሏት፣ ገባች። እስከ ሚያዝያው በረዶ ድረስ ለምን እንደምትከፍል እንኳ በቅጡ አታውቅም ነበር። በረዶው ከጦሳ ተራራ ወርዶ በዚያው በኩል ያለውን የቆርቆሮ ክዳን ወንፊት አደረገው። ተከራዮቿ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ክረምቱ ደግሞ ደርሷል። ኢንሹራንሱ ካልከፈለ ክዳን የለም፤ ክዳን ከሌለ ኪራይ የለም፤ ኪራይ ከሌለ ቤቱ የባንኩ ነው።

ሚስባህ መሰላሉን ይዞ «አብሽሪ እቴ፣ አይዞሽ» ይላታል በየመሀሉ። ታናሽ ወንድሟ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ወንድ ብላ የምትጠራው እሱን ብቻ ስለሆነ የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ሰጥታዋለች።

ገማቹ ኃይለ ሚካኤል የሚባል፣ ከኮምቦልቻ የመጣ ትሑት ወጣት ነው። በጦሳ በኩል ያለውን ክዳን አየና «እዚህስ መዓት ነው የወረደው! አይዞዎት እናቴ፣ ይከፈልዎታል» ሲላት እንባዋ መጣ። ከዚያ ወደ ማዶው ክዳን ተሻገረና አጎንብሶ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አየ።

«እናቴ፣ ከዚህ ሥር ያለው ክፍል ኮርኒስ አለው?»

«የለውም ልጄ። ምነው?»

ወርዶ ክፍሉ ውስጥ ገባ፣ ጣሪያውን በጣቱ ዳሰሰና ሽማግሌውን ጠራቸው። ከሪማም ተከትላ ገባች።

«በጦሳ በኩል ቆርቆሮው የተቀደደው ወደ ውስጥ ነው» አለ። «የዚህኛው ቀዳዳ ሁሉ ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል። እዚህ ቆሞ ከታች በመዶሻ የመታው ሰው አለ። በረዶ ከመሬት ወደ ሰማይ አይዘንብም።»

ከሪማ ቀና ብላ አየች። እውነቱን ነው፤ ሕፃን ልጅም የሚያየው ነገር ነው።

«የወዲያኛውስ?» አለች፣ ወደ ጦሳ በኩል እየጠቆመች። «እሱስ እውነት አይደል?»

«እውነት ነው። ግን ከመሀሉ አንዱ የውሸት ሆኖ ከተገኘ እውነተኛውም አብሮ ይወድቃል። ደንቡ ነው፣ እናቴ። እኔ ያየሁትን ከማቅረብ ሌላ ምን አደርጋለሁ?» አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ጋሽ በላቸው ከሪማን ቀና ብለው አላዩዋትም። ከዚህ ግቢ ሳይመርቁ ወጥተው የማያውቁት ሰው፣ ዛሬ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ፣ ከዘራቸውን እየጎተቱ ሄዱ። ከምኑም ከምኑም ይሄ ነው አንጀቷን የቆረጠው።

ሚስባህ መሰላሉን እንደያዘ ውጭ ቆሟል።

«አንተ ነህ?»

መሬት መሬቱን አየ። «ኩታበር ለቅሶ ሄደሽ ያደርሽ ለት ነው። ግማሹን ከፍለው ግማሹን አሮጌ ከሚተዉብሽ፣ ሙሉውን ይቀይሩልሽ ብዬ ነው። ለኔ መሰለሽ እንዴ?»

«እያወቅህ አስማልኸኝ?»

«አንቺ መች ታውቂያለሽና! ሳያውቁ ለማሉት እኮ ወንጀል የለበትም። ሼሁን ጠይቄያለሁ።»

«መቼ ጠየቅኻቸው?»

ሚስባህ መሰላሉን ከግድግዳው ሊያነሣ ዞረ።

«መቼ ነው የጠየቅኻቸው፣ ሚስባህ?»

«ጁምዓ ለት።»

ዛሬ ሰኞ ነው። ገማቹ ገና ከኮምቦልቻ ሳይነሣ፣ እሷ ገና «ወላሂ» ሳትል፣ ወንድሟ መስጊድ ተቀምጦ ስለ መሐላዋ ጠይቆ ጨርሷል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይሄ ነው። የመዶሻውን ይቅር ትለው ነበር፤ ቸኩሎ ነው፣ ለኔ ብሎ ነው ትል ነበር። እሱ ግን ለቀዳዳው መዶሻ እንደፈለገ ሁሉ ለውሸቱ የሚታመን አፍ ፈለገ፤ በሆጤ ደግሞ ከእህቱ አፍ የሚሻል አላገኘም። ምንም ያልነገራትም አፏ እንዳይቆሽሽበት ነው።

«በረዶው ክዳኔን ነው የወሰደው» አለችው። «አንተ ሰው የሚያምነኝን ወሰድክብኝ።»

«እቴ፣ በአላህ...»

«ስሙን አትጥራ!»

የአሱር አዛን ተሰማ። ሚስባህ እንደ ልማዱ ለሶላት መታጠቢያ ውሃ ሊያፈስላት ማንቆርቆሪያውን አነሣ። ከእጁ ተቀብላው ደጃፉ ድንጋይ ላይ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች። እጇን ታጠበችና አፏን ተጉመጠመጠች። ለውዱእ ሦስቴ ይበቃል። ከሪማ ግን ተጉመጥምጣ ተፋች፣ ደግማ ተጉመጥምጣ ተፋች፤ ማንቆርቆሪያው ባዶ ሲሆንም ተነሥታ ገባችና፣ በጦሳ በኩል ካለው ክፍል ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር የተደቀነውን ባልዲ ይዛ መጣች።