በርበሬ የተሰጣበት ጣሪያ

«የሚፈልገው ቤት ጠፍቶበት ነው የሞተው አሉ።»

ሩቂያ ይህን ሲሉ ዛሬ ብቻ አራተኛቸው ነው። የጣሪያውን ደረጃ እያቃሰቱ ጨርሰው ጠርዙ ላይ ቁጭ ይላሉ። «ሦስቴ ዞረ አሉ። ሲፈልግ፣ ሲፈልግ፣ ሄዶ ሐኪም ጋራ ሥር ተከሰከሰ አሉ። ያ ረቢ! የሰው ቤት ከሰማይ ይፈለጋል?»

ተከራያቸው ጽጌሬዳ ጆንያዋን ገልብጣ በርበሬዋን ታሰጣለች። የሽፈራው ትንሽ አውሮፕላን ከወደቀች ዛሬ ሳምንቷ ነው። በርበሬውም መሰጣት የነበረበት የዛሬ ሳምንት ነው።

ሽፈራው የቡና ነጋዴ ልጅ ነው። ነበረ። የማብረር ፈቃዱን ካገኘ ገና ሦስት ወሩ ቢሆንም፣ ጥቁር መነጽሩን ያየ የሃያ ዓመት ፓይለት ይለዋል። ፈረስ መጋላ ሻይ ቤት፣ በጽጌሬዳ ጓደኞች ፊት፣ «ሐረር ከላይ ስትታይ መዳፍ ታክላለች» ሲላት ምላሷ አላረፈም።

«አንተ? እንኳን ከሰማይ፣ ከሸዋ በር በእግርህ ተነስተህም ሳትጠይቅ ቤቴን አታገኘው!»

ሻይ ቤቱ በሳቅ አውካካ። እሱም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀላ።

«አቦከር፣ ከመስጊዱ አጠገብ፣ ሰማያዊው ግድግዳ። አይደል? ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። እሺ ካልሽኝ በርበሬሽን ጣሪያው ላይ አስጪው። ቀይ ካየሁ ሰኞ ሽማግሌ እልካለሁ።»

እሺ ልትለው ነበር። ግን ከደመና ላይ ሆኖ ለሚጠይቃት? ይውረድና በሁለት እግሩ ቆሞ ይጠይቀኝ አለች። ቅዳሜ ጠዋት ጆንያውን አልጋዋ ሥር ከታ፣ በሯን ቆልፋ ቢሮ ሄደች። የጽሕፈት መኪናዋ ላይ እንዳጎነበሰች የአውሮፕላኗን ድምፅ ሰማች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። «ይፈልግ!» ብላ ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ አሁንም ፊቷ ላይ ተጣብቆ የቀረ ይመስላታል።

ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ሽፈራውን በረራ ያስተማረው ሰውዬ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። «ቁልቁል እያየ፣ በጣም ዝቅ ብሎ ሲዞር ፍጥነቱ አለቀበት» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ገና ልጅ ነበር። ምን ሲያይ እንደነበር እንጃ።»

እሷ ታውቃለች።

«እማማ ሩቂያ» ትላለች አሁን፣ እጇ በርበሬው ውስጥ እንዳለ። «የሚፈልገው ይህን ቤት ነው። ይህን በርበሬ። ካሰጣሁት እሺ ብዬዋለሁ ማለት ነበር፤ እኔ ደበቅሁት። ሲፈልግ የሞተው በእኔ ነው።»

ሩቂያ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ይስባሉ። «አስተግፊሩላህ» ይላሉ። «ልጄ፣ ለሰው አትንገሪብኝ። ቅዳሜ እዚህ ነበርኩ። ዘመዴ አሚና ከጊደር መጋላ ገበያ ጆንያ ሙሉ በርበሬ ልካልኝ፣ አንቺ እንደወጣሽ እዚሁ አሰጣሁት። ሲሞቀኝ ሻሼን አወለቅሁ። ያቺ አውሮፕላን ዝቅ ብላ መጣች፤ ባዶ ራሴን ወንድ አየኝ። አፍሬ ነው፣ ወላሂ። ስትወድቅ ደንግጬ በርበሬውን ሰብስቤ ወረድኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ያለውን ነው የምለው።»

ጽጌሬዳ በርበሬዋን በክንዷ ገፋ ታደርጋለች። በጣሪያው ስንጥቅ ውስጥ፣ አቧራ የለበሰ፣ የእሷ ያልሆነ ቢጫ የበርበሬ ዘር ተሰግስጓል።

«በርበሬውን በስንተኛው ዙር ነው ያየው?»

«በመጀመሪያው ነዋ! በሁለተኛው ክንፉን እንዲህ፣ እንዲህ አደረገልኝ።» መዳፋቸውን ዘርግተው ግራና ቀኝ ያወዛውዛሉ። «በሦስተኛው መስኮቱን ከፍቶ እጁን አወጣ። ጥርሱ እስኪታየኝ ይስቅ ነበር።»