ታጣፊው ተሳቢ

ተሳቢውን የመረጥኩት እኔው ነኝ። በያጁ ገብረ መድኅን ሁለት ዓይነት አሳይቶኝ ነበር። «ጋሼ አራርሳ፣ ይሄኛው ባዶውን ሲሆን ታጥፎ ላንድሮቨሩ ላይ ይወጣል። ጭነት ካለበት ግን ሞተው ቢነሱ አይታጠፍልዎትም» አለኝ። ለያዮ መንገድ የሚሻለው እሱ ነበር።

የመሥሪያ ቤታችን የወባ መድኃኒት ረጪ ባጫ ያዮ ጫካ ውስጥ ከሞተር ብስክሌቱ ወድቆ ሞተና እዚያው ተቀበረ። አርባው ካለፈ በኋላ ሞተሩን ከያዮ በተሳቢው ጭኜ መቱ ላለችው ሚስቱ ለሽብሬ እንዳደርስ ታዘዝኩ።

በቀትር ደረስኩ። ሞተሩን አውርጄ በረንዳው ሥር አቆምኩት። ከዚያ የተሳቢውን ፒን ነቅዬ ላጥፈው ብል ንቅንቅ አልል አለኝ። ላቤ እስኪንጠፈጠፍ ታገልኩት፤ ገብረ መድኅንን ረገምኩት። ጎንበስ ብዬ ሳይ ባሌስትራው ጭነት እንዳለበት ሁሉ ወደ ታች ረግቧል። ላዩ ላይ ግን ከገመዱ በቀር ምንም የለም።

ሽብሬ ጥቁሯን ለብሳ ወጣች። ሞተሩን ዳሰስ አድርጋ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና ወደኔ መጣች።

«ምን ደጅ ያቆምዎታል ጋሼ? ቤት ነው፤ ይግቡ እንጂ!»

ባሌስትራው ቀስ ብሎ ቀና አለ። ተሳቢው በአንድ እጄ እጥፍ አለልኝ።

እኔ ካለሁበት አልተነቃነቅኩም። የበረንዳው ጣውላ ግን ከደረጃው እስከ በሩ ድረስ አንድ በአንድ ተንቋቋ። ቀጥሎ፣ ማንም ከሌለበት ቤት ውስጥ፣ አልጋው ሲጢጥ አለ።

ሽብሬ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። እሷም ሰምታዋለች።