ፋሪዳ ያላነበበችው አስፈሪ ልቦለድ

ፋሪዳ ቡሬ ገበያ ባለው የጨርቅ ሱቋ ቆማ፣ ጎረቤቷ ስመኘው ስላዋሳት ምናባዊ ልቦለድ ስታወራ እጇ አላረፈም። «ዘንዶው ሲሞት አለቀስኩ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ አንብቤ አላውቅም» አለች። እጮኛዋ ማህዲ የሚጠቀልለውን ጣቃ አጥብቆ ያዘ። እሱ የሰጣት አስፈሪ ልቦለድ መደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር።

«የእኔንስ መጽሐፍ እንዴት አገኘሽው?» አላት።

«ጀመርኩና ተውኩት።»

«ስመኘው መምረጥ ያውቅበታል» አለ ማህዲ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

ፋሪዳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያንተን ከጀመርኩ ወዲህ ከእናቴ ጋር ነው የምተኛ። ብቻዬን አልደፍረውም።» መጽሐፉን አውርዳ አቀበለችውና አጠገቡ ተቀመጠች። «አንተው አንብብልኝ።»

ማህዲ ቶሎ እንዳያልቅበት፣ ቀስ እያለ ማንበብ ጀመረ።