የአርባ ደቂቃ ዝናብ

እናንተ ብትሆኑ፣ በሕይወት ያለውን ሰው «መሥዋዕት ሆነ» ብላችሁ ጮክ ብላችሁ ታነባላችሁ?

ማዕዶት አሁን አንብባዋለች። አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ካለች ጠባብ ስቱዲዮ ማይክራፎን ፊት ተቀምጣ፣ ሪቨርመን የተባለውን የቤዝቦል ክለብ የዘንድሮ ታሪክ በአማርኛ እየቀዳች ነው። ክለቡ ዘጠና ሁለት ጨዋታ አሸንፎ፣ ዋንጫው አንድ ጨዋታ ሲቀረው ተሸንፎ ተመልሷል። ጽሑፉን ያስተረጎመውም የላከውም ራሱ ክለቡ ነው።

«ውይ፣ ይሄ ልጅ ደግሞ መቼ ሞተ?» ትላለች ከኋላ የተቀመጠችው ባየሽ።

ባየሽ የሙሊሳ ሚስት ናት። ሙሊሳ የክለቡ የሜዳ ሠራተኛ ነበር፤ ነሐሴ ላይ በሥራው እንዳለ መብረቅ ገደለው። ከክለቡ ደውለው «ስሙ በታሪኩ ውስጥ ይነሣል» ስላሏት፣ ቡርንስቪል፣ አረጋውያን ከምትንከባከብበት ነርሲንግ ሆም የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር መጥታለች።

ቀረጻውን የሚሠራው ጌዲዮን ማሽኑን አቁሞ ይስቃል። «አልሞተም እትዬ። ሳክሪፋይስ፣ መሥዋዕት የሚሉት የጨዋታ ስልት ነው። ሆን ብሎ ኳሷን በዱላው በስሱ ይነካትና እሱ ከሜዳ ይወጣል፤ ጓደኛው ወደሚቀጥለው ቤዝ፣ ወደ ቀጣዩ ማረፊያ ያልፋል።»

«እሱስ ከዚያ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል? ገብቶ ቁጭ አለና ሱፍ ቆረጠመ።»

«ታዲያ ምኑን ተሠዋ?»

ጌዲዮን ሳቁን ዋጥ ያደርጋል። ማዕዶት ቃሉን ሰርዛ «ራሱን አስወጥቶ ጓደኛውን አሳለፈ» ብላ ታነባለች። በሚቀጥለው ገጽ ነሐሴ ይመጣል። «ጨዋታው በዝናብ ምክንያት ለአርባ ደቂቃ ተቋረጠ። ከዚያም ቡድናችን አሸነፈ፤ የዋንጫ ተስፋውም ለመለመ።» ቀጥሎ ያለው መስከረም ነው። ገጾቹን ታገላብጣለች፤ እስከ መጨረሻው ታያለች፤ እንደገና ትመለሳለች።

«የሙሊሳ ገና ነው?» ትላለች ባየሽ።

ያን ቀን መብረቅ እየመጣ ነውና ከመቀመጫችሁ ተነሡ ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተነግሯል። ሠላሳ ሺህ ሰው ጣሪያ ሥር ገባ። ተጫዋቾቹም ገቡ። ሜዳው እንዳይርስ ሸራ እንዲያለብሱ የተላኩት አሥራ አራት ሠራተኞች ብቻ ውጭ ቀሩ። ይህን ሁሉ ማዕዶት ታውቃለች፤ ከጌዲዮን ጋር ለምታዘጋጀው የቅዳሜ ፕሮግራም ከአሥራ አራቱ የሦስቱን ምስክርነት በገዛ እጇ ጽፋለች።

«አልጻፉትም፣ እትዬ» ትላታለች።

ባየሽ አታለቅስም። «በስልክ እኮ ስሙን ፊደል በፊደል አስነግረውኝ ነበር» ትላለች ቀስ ብላ። «እንዳይሳሳቱ ብዬ ሁለቴ ደገምኩላቸው።»

ማዕዶት ወረቀቱን ከፊቷ ትገፋዋለች። «ሪኮርድ አድርግ።»

«ማዕዶት፣ እንዳለ አንብቡ ነው የተባልነው። ከጨመርሽበት አያወጡትም። ሁለተኛም አይጠሩንም።»

«አይጥሩን። ቅዳሜ በራሳችን ፕሮግራም ይወጣል።»

ጌዲዮን ባየሽን ያያል። ከዚያ ቁልፉን ይጫናል፤ ቀዩ መብራት ይበራል። ማዕዶት የምትናገረው ለአድማጭ አይደለም፤ ለአንድ ሰው ነው።

«የሪቨርመን ባለቤት፣ እርስዎን ነው የምጠይቀው። ሙሊሳ የሞተው በዚያ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ነው። ተመልካቹ ግባ ሲባል እሱን ውጣ ያለው ማን ነው? ለሚስቱ በስልክ እንዳይነግሯት። ያን ቀን ባስነገሩበት ድምፅ ማጉያ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ ይመልሱ።»