ከግራሶው በኋላ

ሳሙናው አረፋ አላወጣም። ዮሚፍ እጆቹን ደጋግሞ አሻሸ። ከጣቶቹ መሃል የወረደው ጥቁር ውሃ ገንዳው ውስጥ ተንጣለለ፤ ግራሶው ግን ከመዳፉ ንቅንቅ አላለም። ነጅላ ፈሳሽ ሳሙና ከያዘችበት ሃይላንድ ትንሽ ጨመረችለት። ያው ነው።

"እህቴ፣ ይብቃኝ" አላት ሜካኒኩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አዝኖላት ነበር። ከሁሉ የከበዳትም ማዘኑ ነው።

የጋራዡ ኃላፊ አቶ ቀናው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከተሳቢው ጎማ አጠገብ ቆመዋል። ሠራተኞቻቸው እጃቸውን በናፍጣ እየታጠቡ ቆዳቸው ተላልጦ ስላስቸገራቸው ለዛሬ ሁለት ሻጮች ጠርተዋል። አንዷ ነጅላ ናት። ሌላው ጋሼ አምባው ናቸው፤ ከውጭ የሚገባ የእጅ ማጽጃ ቅባት ያከፋፍላሉ፣ ከቃሊቲ እስከ ሳሪስ የማያውቃቸው ጋራዥ የለም።

ነጅላ እዚህ ግቢ መጀመሪያ የመጣች ቀን ጥበቃው "ምን ፈልገሽ ነው?" ሲላት ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ተሳስቼ ነው" ብላ ከበሩ ተመልሳለች። የባሏ እህት ጀዋሂር አቃቂ በሰቃ በተከራዩት ክፍል ውስጥ የሳሙናውን በርሜል እያማሰለች ጠበቀቻት። የፋብሪካ ሥራቸውን ለቀው ሳሙና ማምረት የጀመሩት አብረው ነው። ሳሙናቸውን የሚወስዱት ሱቆች ደግሞ "ሲያልቅ እንደውላለን" ማለት አብዝተዋል። አንድ ደህና ደንበኛ ካልተገኘ ክፍሉን መልቀቃቸው አይቀርም፤ ስለዚህ ነጅላ ሌላ ቀን ተመልሳ መጥታ ለዛሬ ተቀጠረች።

"እስኪ ፈቀቅ በይልኝ" ብለው ጋሼ አምባው ቀረቡ። ከቆርቆሯቸው በጣታቸው ቆንጥረው ዮሚፍ መዳፍ ላይ አኖሩለት። "ውሃ እንዳትነካ። በደረቁ እሸው።"

ዮሚፍ አሸ። ግራሶው እየላላ ሄደ፤ በጨርቅ ሲጠርገው ቆዳው ብቅ አለ። ዙሪያውን የቆሙት ሠራተኞች እርስ በርስ ተያዩ። አቶ ቀናውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጋሼ አምባው ቆርቆሯቸውን ከድነው ወደ ነጅላ ዞር አሉ። "የኔ ልጅ፣ ያንቺ ለሻይ ቤት ነው የሚሆነው" አሏት፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። "ጋራዥ ሌላ ነገር ነው።"

ፊቷ ጋለ። በአንድ የሽያጭ ሥልጠና ላይ የሸመደደችው ንግግር አፏ ላይ መጣ፦ የኛ ምርት ከሁሉም ይበልጣል፤ ድክመትሽን ደንበኛ ፊት አታውጪም ተብላለች። እግሯ በበኩሉ ወደ በሩ ሊዞር ነበር። ሁለቱንም ተወቻቸውና የዮሚፍን እጅ ተመለከተች። መዳፉን ቱታው ላይ እየጠረገ ነው፤ ጠርጎ ሲያበቃ እንደገና ይጠርጋል። የጸዳ እጅ ለምን ይጠረጋል?

"ምን ሆነህ ነው?" አለችው።

"ምንም። ያሙለጨልጫል።"

"እስኪ አሽትተው።"

አሸተተና ፊቱን አጨማደደ። "ጋዝ ጋዝ ይላል።"

"ምሳ ትበላበታለህ?"

"ከራበኝ ምን አደርጋለሁ?" ብሎ ሳቀ።

"ሽታማ ይኖረዋል እንጂ" አሉ ጋሼ አምባው ትንሽ ቆጣ ብለው።

ነጅላ ሃይላንዱን አነሳች። "አሁን ውሃ ንካ" አለችና መዳፉ ላይ ሳሙናውን አፈሰሰችለት። በዚህኛው ጊዜ አረፋው ከጣቶቹ መሃል ነጭ ሆኖ ተነፋ። የተረፈውን ቅባትና ጥፍሮቹ ዙሪያ የቀረውን ጥቁር መስመር ይዞ ወረደ። ዮሚፍ እጁን አራገፈና ማንም ሳያዘው ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

"አሁን እጅ ሆነ" አለ።

ኮምፕሬሰሩ ከኋላቸው ስለሚጮህ ነጅላ ድምጿን ከፍ ማድረግ ነበረባት። ከፍ አደረገችው። "አቶ ቀናው፣ የኔ ሳሙና ግራሶ አያስለቅቅም። አይተውታል፣ አልዋሽዎትም። ግራሶውን የጋሼ አምባው ቅባት ያስለቅቅ። ቅባቱን የሚያስለቅቀው ደግሞ የኔ ነው። ሁለቱንም ይያዙ።"

አቶ ቀናው ቅንድባቸውን አነሱ። "የመጣሽው ያንቺን ልትሸጪ ነው ወይስ የሳቸውን?"

"የኔን። ያለሳቸው ግን የኔ እዚህ አይሸጥም።" ቀጥላም ጨመረች፦ "የሳቸውም ያለኔ ምሳ አያስበላም።"

ሠራተኞቹ ሳቁ። ጋሼ አምባው አልሳቁም። ቆርቆሯቸውን መዳፋቸው ላይ አገላበጡት።

"ለነገሩ" አሉ፣ "ሳሪስ አቦ ጋ ያለው ደንበኛዬም ሽታውን ጠልቶ ነው ቅባቱን የመለሰብኝ።" የተናገሩት ለአቶ ቀናው ሳይሆን ለነጅላ ነው። "ነገ ጠዋት እሱ ጋ ነኝ። ብቅ ትያለሽ?"

"እመጣለሁ ጋሼ።"

"የናንተን ነገር ኋላ ተነጋገሩ" አሉ አቶ ቀናው። "ለዚህ ወር ሁለቱንም እይዛለሁ። ግን ከዚያ በኋላ ያለውን በአንድ ሰው እጅ አልወስንም፤ ዛሬውኑ ሁሉም ይሞክረው።"

የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። ከተሳቢዎቹ ሥር፣ ከሞተሮቹ ጀርባ ሰዉ እየተነሳ ወደ ቧንቧው መጣ። ጋሼ አምባው ከገንዳው በወዲያ በኩል ቆርቆሯቸውን ከፍተው ቆሙ፤ ነጅላ እጅጌዋን ሰብስባ በወዲህ በኩል። ከሰልፉ ፊት የደረሰው ሽበታም በያጅ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እሷን አየ።

"የቱ ነው የሚቀድመው?"

"የሳቸው" አለች ነጅላ። "ከዚያ ወደኔ ይምጡ።"

ሰውየው ጥቁር መዳፎቹን ዘረጋ።