ዲያራ ቤት

ሲራማን ትራዎሬ አባቱን ከካይ ወደ ባማኮ ያመጣቸው ለዓይን ሕክምና ነበር። በልቡ የያዘው ግን ሌላ ነው፤ የካዩን ቤት ሸጠው ከእሱ ጋር እንዲጠቃለሉ ይፈልጋል።

አዛውንቱ ሞሪባ ትራዎሬ ዕድሜያቸውን በባቡር ሾፌርነት ያሳለፉ፣ ጀርባቸው እንደ ሐዲድ ቀጥ ያለ ሰው ናቸው። በልጃቸው ቤት ማደሩን ተቀበሉ። ምሳ መብላቱን ግን አልተቀበሉም።

«ራሴን ማብላት ካቃተኝ ቤቱን ሽጠው» አሉት። «በዚህ ከተማ ብቻዬን ዞሬ፣ በጡረታዬ፣ ደኅና ምግብ ከበላሁ ግን ይህን ወሬ ዳግም እንዳታነሣብኝ።»

«አባባ፣ ይሄ እኮ ባማኮ ነው። ርካሹ ሆድ ያማል፣ ጥሩው ኪስ ያራቁታል። ደግሞ እዚህ ማን ያውቅዎታል?»

«ሰው አውቃለሁ መች አልኩህ? ምግብ አውቃለሁ።»

ሲራማን በመጀመሪያው ቀን በግድ ወደ ወንዙ ዳር፣ ግድግዳው ሁሉ መስታወት ወደሆነ ምግብ ቤት ወሰዳቸው። የዋጋውን ዝርዝር እስከ ታች አነበቡና ተነሡ። «መስታወት አልበላም» ብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ከሐኪሙ ሲመለሱ መዲን ገበያን ብቻቸውን ያስሱ ጀመር። ምግብ ቤት የሚመርጡበት የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። የሚገባውን ሳህን አያዩም፤ ወደ እጣቢው የሚመለሰውን ያያሉ። ሩዙ ተርፎ የሚመለስበት ደጅ አይገቡም።

መንገዱም ቢሆን አንድ ጊዜ ከዳቸው። አንድ ማለዳ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ሆዳቸውን በእጃቸው ደግፈው ከመጸዳጃ ቤት ሲወጡ ሲራማን አያቸው። የካዩን ቤት የሚገዛ ሰው በዚያው ቀን ማጠያየቅ ጀመረ።

ሁለት ቀን አለፈና አዛውንቱ ማታ ደረታቸውን ነፍተው ገቡ። «የሚኒባስ ሾፌሮቹ ዲያራ ቤት የሚሉት፣ አንዲት ሴት የምታበስልበት ቤት አለ። ሩዝ በኦቾሎኒ ወጥ፣ ከነሥጋው። ሳህኑ ተልሶ ነው የሚመለሰው። ነገ ጋብዤሃለሁ።»

ሲራማን ዋጋውን ጠየቀ። ሲነግሩት ሳቀ።

«በዚህ ዋጋ ከነሥጋው? እንዴ አባባ፣ አዝናልዎት ነዋ! ምስኪን ሽማግሌ መጣ ብላ እየመጸወተችዎት ነው። ምጽዋት መብላት ራስን ማብላት ነው እንዴ?»

ሞሪባ ትራዎሬ ቀኖቹን በጣታቸው ቆጠሩ።

«ነገ ይቅር» አሉ። «ዓርብ ትመጣለህ።»

ዓርብ ሄዱ። ቤቱ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር የተደረደሩ አግዳሚዎች እንጂ ሌላ አልነበረም። ከድስቱ ኋላ ሲታን የምትባል ግዙፍ ሴት ጭልፋ ይዛ ቆማለች። አዛውንቱን ገና ከሩቅ ስታይ ጮኸች።

«መጣህ ደግሞ፣ አንተ አደንጓሬ በሊታ! አግዳሚዬን እንዳትሰብር ቀስ ብለህ ተቀመጥ!»

የሲራማን ደም ፈላ። እናቱ ከሞተች ወዲህ አባቱን አንተ ያለ ሰው ሰምቶ አያውቅም። አንድ ሾፌር እንኳ ማንኪያውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ሞሪባ ግን ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። «ዝም ብለሽ ጨልፊ! የእናንተን የዲያራዎቹን ሆድ የሞሉት የኔ አያቶች በሬዎች ናቸው!»

«አያቶችህ በሬ ነበራቸው? እነሱ እንኳን በሬውን፣ ጅራቱንም ያዩት በሰው በረት ነው!»

ሲራማን ነገሩ ገባው። የትራዎሬና የዲያራ ጎሳዎች ከጥንት ጀምሮ የስድብ ዘመዳሞች ናቸው። አንዱ ሌላውን አደንጓሬ በሊታ እያለ እንደልቡ ያዋርዳል፤ የተቆጣ እሱ ያፍራል። አባቱ በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል የስድብ ዘመዳቸውን አግኝተዋል ማለት ነው።

«ሥጋው የት ሄደ?» አሉ ሞሪባ ሳህኑን ተቀብለው። «ዲያራ ሲሰርቅ እጁ አይታይም!»

«ሥጋ ለአንተ? እስቲ መጀመሪያ ጥርስህን አሳየኝ!» አለችና አንድ ትልቅ ቁራጭ ጣለችላቸው።

ደርቆ የነበረው ሾፌር ሲወጣ «ዛሬ ሲታንን ምን ነካት?» ብሎ አጉረመረመ። በእርጥብ ጨርቅ ጀርባውን መታችው።

ሲራማን ወጡን ቀመሰ። ዘይቱ ከላይ ተንሳፏል፣ ሩዙ ፍሬ በፍሬ ነው። እየበላ የሴትየዋን ፊት ሰለለ፤ የሐዘኔታ ምልክት ፈለገ፤ አጣ። የሚያሳዝን ሽማግሌ እንዲህ አይሰደብም። ሳህኑን በጣቱ ጠርጎ ጨረሰና አንገቱን ደፋ።

«ረቱኝ፣ አባባ። ቤትዎ ቤትዎ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ ሞሪባ፣ መብላታቸውን ሳያቋርጡ።

ሐኪሙ ባሰናበታቸው ማግስት ወደ ካይ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ማንም ሳይደግፋቸው ወጡ። በመስኮቱ እጃቸውን አላወዛወዙም፤ ቀና ብለው ፊት ለፊታቸውን ብቻ አዩ።

ሲራማን ከመናኸሪያው በቀጥታ ወደ መዲን ገበያ አመራ። ርቦታል፤ ልቡም ቀሎታል። የስድብ ዝምድና ደግሞ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። አግዳሚው ላይ ዘፍ አለና ጮኸ።

«አንቺ አደንጓሬ በሊታ ዲያራ! ጨልፊልኝ እንጂ!»

ሲታን ጭልፋዋን አስቀመጠች።

«አፍህን ያዝ፣ ልጄ። ዲያራ ሟቹ ባለቤቴ ናቸው። እኔ እንዳንተው ትራዎሬ ነኝ፤ ለአባትህም ገና መጀመሪያ የመጡ ዕለት ነግሬያቸዋለሁ። የዓርቡን ስድብ ያስጠኑኝም እሳቸው ናቸው።»