ወረቀት የሌለው ጠርሙስ

የሰደበው ሰብስቤ ነው። ቀኑ ሐምሌ አምስት፣ ሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ የሐዋርያት ጾም የተፈታበት ቅዳሜ፤ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ከሩብ፤ ቦታው የሰብስቤ ልጅ የጽዮን ሰርግ። ገረመው የሻምፓኙን ቡሽ እንደ ቀይ ወይን መስሎት በመክፈቻ ብረት ሲጠመዝዘው ፈነዳና አረፋው የሙሽሪት ቀሚስ ላይ ሄደ። ሰብስቤ ማይክራፎኑን አነሣ። «ጎበዝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጌሾ ለለመደ እጅ ሻምፓኝ ሰጠሁ» አለ። ሁለት መቶ ሰው ሳቀ። ገረመው የሳቁትን እስከ ዛሬ በየስማቸው ያውቃቸዋል።

ታዲያ ዛሬ በዚያው ሰው ሳሎን፣ ሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር ባለ ሕንፃ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ፣ ለምን እንደመጣ ራሱን ይጠይቃል። የጠራችው የሰብስቤ ሚስት ቦጋለች ናት። «ገሬ፣ ከፈረንሳይ ተመልሰናል። እንዳትቀር፤ ሰብስቤ አንተን ሳላይ ጠርሙስ አልከፍትም ብሏል» ነበር ያለችው በስልክ። አንተን ሳላይ። ይቺ ቃል ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሥታዋለች። ይኼን ሁሉ ዓመት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ በአንገቱ ብቻ ሰላም ብሎት የሚያልፍ ሰው፣ ዛሬ ምን ቢፈልግ ነው?

«ሞተርሆሙን ፓሪስ ሬንት አደረግነው» እያለ ነው ሰብስቤ። «ጎማ ያለው ቤት ነው በቃ። አልጋው፣ ምድጃው፣ ሻወሩ። ሲመሽ ወይኑ መሀል ፓርክ አድርገን እንተኛለን። ጠዋት የባለ እርሻው ምድር ቤት ገብተን ቀምሰን እንገዛለን።»

«እሱ ይቀምሳል፣ እኔ እንገላታለሁ» አለች ቦጋለች። «ሽንኩርት ስከትፍ መኪናዋን በድንገት ይጠመዝዛታል፤ ሽንኩርቱ ሄዶ እሱ አንገት ላይ ያርፋል። ደግ አደረገ።»

«ቤትዎን ተሸክመው እንደ ኤሊ ዞሩ በሉኛ፣ ጋሽ ሰብስቤ» አለ ከሁሉም በዕድሜ የሚያንሰው እሸቱ።

ሳቁ። ገረመው አልሳቀም። ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሬክስዴል ሰፈር ባለ መጋዘን ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ፎርክሊፍት የተባለውን ዕቃ ማንሻ የነዳ ሰው ዕቃ ሲያይ መመርመር ልማዱ ነው። የሻምፓኙ ጠርሙሶች አራት ናቸው። ሦስቱ አንገታቸው በወርቅማ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ሆዳቸው ላይ የሚያብረቀርቅ ጽሑፍ ተለጥፎባቸዋል። አራተኛው ራቁቱን ነው። አቧራ የለበሰ፣ ጎኑ ላይ በነጭ ጠመኔ ጭረት ብቻ ያለበት።

የእኔ ያ ነው፣ አለ በልቡ።

አልተሳሳተም። ሰብስቤ ተነሣና አንዱን ለእሸቱ፣ አንዱን ለጎረቤቱ ለወለተማርያም ሰጠ። ሦስተኛውን ለቤቱ አስቀረ። ራቁቱን ጠርሙስ ይዞ ገረመው ፊት ቆመ።

«ይኼ ያንተ ነው።»

«ወረቀቱስ?»

«የለውም።»

«የሌላው አለው።»

«አይሸጥማ፣ ገረመው። ባለ እርሻዎቹ ለራሳቸው ቤት ያስቀመጡት ነው። የእርሻው ባለቤት አሮጊት ናት የሰጠችኝ።»

ገረመው ጠርሙሱን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። ቡሹን ያሰረውን ሽቦ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ተከፍቶ የተዘጋ አይመስልም። ቢሆንም ለሌላው የገዛውን፣ ለእሱ በነፃ ያገኘውን ሰጠ።

«ለምን ሰጠችህ?»

«ስለ ሳቀችብኝ» አለ ሰብስቤ። «በል አንተ ክፈት ብላ ጠርሙስ ሰጠችኝ። ያ ሁሉ ፈረንጅ ቆሞ ያየኛል። መክፈቻውን ከኪሴ አወጣሁና ቡሹ ላይ ሰክቼ ጠመዘዝኩት። ጣራ ድረስ ፈነዳ። መነጽሯን፣ ፀጉሯን፣ ሁሉን አጠብኩላት።»

«በእኔ ፎጣ ነው የተጠረገችው» አለች ቦጋለች።

እሸቱ በሳቅ ፈረሰ። «ያው እንደ ጋሽ ገረመው...» ብሎ ሲጀምር ወለተማርያም በክርኗ ጎሰመችው።

ይኸው መጣ፣ አለ ገረመው በልቡ። ፈረንሳይን ሁሉ ዞሮ ዞሮ መመለሻው ያቺው ቅዳሜ ናት። ፈጥሮት ነው። ሰው እንደገና እንዲስቅ የፈጠረው ነው። የሰብስቤን ፊት አፍጥጦ አየ። የሰብስቤ ሳቅ ከግራ ቅንድቡ እንደሚጀምር ያውቃል። ጠበቀ። ቅንድቡ አልተነሣም። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ስቃ ስቃ ሲወጣላት ይቺን ከጓዳ አምጥታ አሳቀፈችኝ» አለ ሰብስቤ። «ልጇ ሲተረጉምልኝ፣ ለተሳቀበት ካሳ ነው አለኝ። እኔ ያን ጊዜ ላንተ ምን ሰጠሁ? ማይክራፎን ነው ያነሣሁት።»

ማንም አልሳቀም።

«ሰው ፊት ሰደብኩህ። ሰው ፊት ይቅር በለኝ።»

ገረመው መልስ ነበረው። መጋዘን ውስጥ ለዓመታት የሳላቸው አምስት ስድስት መልሶች ነበሩት። ሁሉም ግን የስድብ መልሶች ናቸው፤ ለዚህ የሚሆን አንድም የለም። ምናልባት የንስሐ አባቱ አዝዘውት ይሆናል። ምናልባት ታሞ ይሆናል። ለነፍሱ ብሎ እንጂ ለእኔ ብሎ ነው?

ተነሣ። ጃኬቱን ለበሰ፣ በሩ ሥር ጫማውን አጠለቀ። ጠርሙሱን አልለቀቀም።

«ገሬ፣ ምሳ ሳትቀምስ?» አለች ቦጋለች።

ወጥቶ በሩን ዘጋ።

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆሻሻ እስከ ታች የሚወረወርባት የጋርቤጅ መጣያዋ ትንሽ የብረት በር አለች። ከፈታት። አሥራ አንድ ፎቅ ጨለማ ትንፋሹን ፊቱ ላይ ተፋበት። ጠርሙሱን በአንገቱ አንጠልጥሎ ቆመ። የጠመኔው ነጭ ጣቱ ላይ ተለቅልቋል። ጠርሙሱን እቅፉ መለሰው፤ በሯን ለቀቃት፤ ቀጭ ብላ ተዘጋች።

ሊፍቱ ክፍት ሆኖ ይጠብቃል። የዚህ ሕንፃ ሊፍት ግን ሲነሣም ሲቆምም እንደሚያንገጫግጭ ያውቃል። በደረጃው ወረደ፤ አንድ እጁ ከጠርሙሱ ሥር፣ አንድ እጁ አንገቱ ላይ፣ እንዳይናጥ፣ አንድ በአንድ።